ጣሪያችንን በድስት ክዳን ለከደኑልን ሊቀመንበር

ይድረስ ለክቡር አቶ ሳህሉ፣
የተረዳዳጆች የቤት ማኅበር ሊቀመንበር፣ የጥገና ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የጣሪያችንም ባለአደራ፤
ኢስት ዮርክ፣ ቶሮንቶ

መጋቢት 2004 ዓ.ም.

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ጸሐይወርቅም ሙሉ ጤና፣ በተለይም ጤናማ ሳንባ እመኝላችኋለሁ፤ ሳንባ ምን ያህል አስፈላጊ ዕቃ እንደሆነ ከእኛ ሕንፃ ነዋሪዎች የበለጠ የሚያውቅ የለምና። እኔ በሁለተኛው ፎቅ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል በታች የምኖረው መሠረት ወልደገብርኤል ነኝ። ያውቁኛል። በየስብሰባው እጄን ባወጣሁ ቁጥር «ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» የሚባልብኝ ሴት ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ በር ሥር ማንሸራተት ስችል በሕንፃችን መግቢያና፣ ባለሱቁ ፈቅዶልኝ፣ ሁላችንም በምንገበያይበት በዳንፎርዝ ጎዳና ሱቅ መስኮት ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ከዚህ በፊት በበሩ ሥር ያስገባኋቸው ሁሉ የደረሱበት ስላልታወቀ፣ ይህኛውም እንዳይጠፋብዎ ስለተጨነቅሁ ነው። ሱቁ መስኮት ላይ ቆሞ የሚያነብ እንግዳ ሰው ሊኖር ስለሚችል፣ እርስዎ አስቀድመው የሚያውቁትን ነገር ከሥሩ ጀምሬ ብናገር እንዲታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሕንፃችን ባለሦስት ፎቅ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ የሆነ፣ የማኅበሩ አባላት አዋጥተው የገዙት ነው። በላይኛው ፎቅ ለሁላችንም የሚያገለግል አንድ ድራየር፣ ማለት የልብስ ማድረቂያ ማሽን፣ አለ። ድራየሩ ከልብሳችን የሚያወጣውን እርጥብና ትኩስ አየር በቱቦ ሽቅብ ይገፋዋል፤ ቱቦውም በኮርኒሱና በጣሪያው አልፎ፣ ቬንት በምንለው ባለ ባርኔጣ የቆርቆሮ አፍ ውጭ ይተነፍሳል፣ ወይም ይተነፍስ ነበር። ከማጠቢያው ክፍል ጎን ባለችው አንዲት ክፍል ደግሞ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ይኖሩባት ነበር። ሕንፃው ሲገዛ በየቤቱ እየዞሩ አባል ያሰባሰቡት፣ እርስዎንም ጭምር አግባብተው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አስም አለባቸው። ማታ ማታ ውሃ አፍልተው፣ ፎጣ ተከናንበው እንፋሎት ይታጠናሉ። በመጪው ቅዳሜ ስብሰባ የእሳቸው ክፍል ለወንድምዎ ልጅ ለኢዮብ እንዲሰጥ ድምፅ ሊሰጥበት መሆኑን ስለሰማሁ ነው ብዕር ያነሳሁት። ኢዮብ ሊያገባ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ፦ ለሳይንስ ላበረከታችሁት ነገር አመሰግናለሁ። ባለፈው መስከረም ወይዘሮ ጸሐይወርቅ የዓመት በርበሬያቸውን ከገበሬዎች ገበያ በጆንያ አስጭነው ሲያመጡ የቶሮንቶ ሰማይ እንደ ልማዱ አኩርፎ ነበር። እሳቸውም በቬንቱ የሚወጣውን ሙቀት አይተው፣ ይህ ሁሉ ትኩስ አየር ከሚባክን በርበሬ ቢያደርቅ ምን አለበት ብለው በማሰባቸው ትሪዎቻቸውን ጣሪያው ላይ በቬንቱ ዙሪያ ደረደሩ። የልብስ ብናኝ በበርበሬው ላይ እየተነፋ ቢያስቸግራቸው ደግሞ የቬንቱን ባርኔጣ አስነቅለው፣ በምትኩ ወንፊታቸውን በቱቦው አፍ ላይ በሽቦ ጠፍረው አሰሩት። ከትሪ የተረፈውንም በርበሬ በወንፊቱ ላይ አሰጡት። ብናኙ በወንፊቱ ተያዘ፣ በርበሬው ደረቀ፣ ድቃቂውና ዘሩም ድራየሩ በቆመ ቁጥር በወንፊቱ ቀዳዳ ወደ ቱቦው ቁልቁል ወረደ። አልዋሽም፣ ከበርበሬው ደርሶኝ ቀምሼዋለሁ፣ ወጥ ያሳምራል። ትንሹ ችግር በርበሬው ተነስቶ ወንፊቱ እዚያው መቅረቱ፣ ድራየሩም መተንፈስ ማቆሙ ነው። ዝናቡም ከዚያን ቀን ጀምሮ ተጠልሎ ይገባልን ጀመር፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ለትምህርታዊ ማስታወቂያዎ አመሰግናለሁ። አንድ ጭነት ልብስ ለማድረቅ ግማሽ ቀን ሲፈጅና ክፍሉ የተቃጠለ ጨርቅ ሲሸት፣ እርስዎ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው በማየት አንገትዎን ሳያደክሙ፣ «አባላት ልብስ እያበዙ ስለሚከቱ ማድረቂያው ተዳክሟልና ጥንቃቄ ይደረግ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ አስለጠፉ። እኔም ጫፉ የተለበለበ ነጭ ፎጣዬን ይዤ ቢሮዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ፣ መነጽርዎን አውልቀው መልሰው ካደረጉ በኋላ፣ ፎጣው ድሮም ቡናማ እንደነበር አረጋገጡልኝ። ብናኝ የተጠቀጠቀበት ቱቦ እሳት እንደሚነሳበት፣ በዚያ እሳት ደግሞ መጀመሪያ የሚቃጠሉት ከግድግዳው ወዲያ የሚተኙት ሽማግሌ እንደሆኑ ነገርኩዎ። ነገሩ በአጀንዳ ይያዛል አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እሳቱም አጀንዳው እስኪደርስ ጠበቀን።

፫ኛ፦ አምስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ስላቋቋሙልን አመሰግናለሁ። አምስቱም ካፖርታቸውን ለብሰው ጣሪያው ላይ ወጡ። አምስቱም በቬንቱ አፍ ላይ የታሰረውን፣ ብናኝ ለብሶ የበግ ለምድ የመሰለውን ወንፊት አዩ። አምስቱም የማን ወንፊት እንደሆነ ያውቁ ነበር። የሊቀመንበሩን ባለቤት ወንፊት በመጥቀስ ቅሬታ መፍጠር ደግሞ ለጨዋ ሰው ስለማይገባ፣ አምስቱም ዙሪያውን ዞረው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ወርደው ሪፖርት ጻፉ። የሪፖርቱም ፍሬ ነገር በቬንቱ በኩል ብርድ እየገባ ድራየሩን ስላቀዘቀዘው ቬንቱ ይነሳ የሚል ነበር። አፍንጫው ተዘግቶ መተንፈስ ያቃተውን ሰው አፍንጫውን እንቁረጥለት እንደማለት ነው። ወንፊቱን የሚፈታ አንድ እጅ ጠፍቶ ጣሪያ የሚቀድ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ይሉኝታ ቤት ሲያፈርስ በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

፬ኛ፦ ሥራውን ለባለሙያ ባለመስጠትዎ አመሰግናለሁ። ኢዮብ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ኮምፒውተርና ጣሪያ ያላቸውን ዝምድና እርስዎ ያውቃሉ። ደረጃው ላይ አግኝቼው ልጄ ተጠንቀቅ ስለው፣ «ኖ ዎሪስ አንቲ መሲ፣ ሲምፕል ነው፣ ሪሙቭ አድርጌ ክሎዝ አደርገዋለሁ» ብሎ አጽናናኝ። እውነትም ከገና በኋላ በነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በቅዳሴ ጫማው፣ በረዶ በጋገረ ጣሪያ ላይ ያለ ገመድ ወጣ። ከሥሩ ድራየሩ የሰው አንሶላ ይዞ ይሽከረከር ነበር፤ እየጮኽኩ ሄጄ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱም ቬንቱን እንደ ጥርስ ነቅሎ፣ የቱቦውን የላይኛ ቁራጭ አብሮ ገንጥሎ፣ ከነወንፊቱ ወደ ጣሪያው ጥግ ወረወረው። የቀረው ቱቦ በጣሪያውና በኮርኒሱ መሐል አፉን ከፍቶ ቀረ። በረዶ መጣል ሲጀምር ደግሞ ቀዳዳውን በምን እንደሚደፍነው ያላሰበበት መሆኑ ታወቀ። ያን ጊዜ ነው እርስዎ ራስዎ የማኅበራችንን የድግስ ድስት ክዳን ከመጋዘን አስወጥተው ያቀበሉት። ክዳኑ ተደፋ፣ ሬንጅ ተቀባ፣ ሁለት ጡብ ተጫነበት። እናም፣ ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ ድራየሩ ሥራውን እንዲቀጥል አዘዙ።

እዚህ ላይ አቤቱታዬን ለጥቂት ጊዜ አቋርጬ፣ አንድን ቬንት ከጣሪያ ላይ ሰው ሳይሞት እንዴት እንደሚያነሱት፣ ኋላ በራሴ ጠርቼ ያማከርኩት ፈቃድ ያለው ጣሪያ ሠሪ የነገረኝን ላካፍልዎ። መጀመሪያ ነገር ቬንቱ መነሳት ያስፈልገው እንደሆነ ይታያል፤ ለምሳሌ በላዩ ወንፊት ካለ ወንፊቱ ይፈታል፣ ብናኙ ይጠረጋል፣ ሰውም ወደ ቤቱ ይገባል። የግድ የሚነሳ ከሆነ ግን ለድራየሩ በግድግዳ በኩል ሌላ መውጫ ሳይበጅለት አይነካም። ከዚያ የኤሌክትሪኩ ብሬከር ይጠፋል፣ ድራየሩ ከሶኬቱ ይነቀላል፣ ቱቦውም ከማሽኑ ይፈታል፤ ሰው ጣሪያ ላይ ሳለ ሥር ያለ ሰው አንሶላ ሊያደርቅ አይገባምና። የሚወጣው ሰው ጣሪያው ደረቅ በሆነበት ቀን፣ በማያንሸራትት ጫማ፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ መሰላሉን የሚይዝለት ሰው አቁሞ ይወጣል። በቬንቱ ግርጌ ያለው ሬንጅ ዙሪያውን በቢላ ተቆርጦ ቆርቆሮው በቀስታ ይነሳል፣ ቱቦው እስከ መጨረሻው ይወጣል፣ ቀዳዳው በልኩ በተቆረጠ እንጨት ይሞላል፣ በላዩም ከቀዳዳው አልፎ የሚሄድ የጣሪያ ልባስ ይለጠፋል። ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ ድስት የሚባል ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የለበትም።

፭ኛ፦ አሁን የማመሰግንበት ነገር የለኝም። የድራየሩ እርጥብ ትንፋሽ መውጫ ቢያጣ በኮርኒሱ ውስጥ ለውስጥ እየሄደ ከጋሽ ወልደ ሚካኤል አልጋ በላይ ተጠራቀመ። ኮርኒሱ ላበ፣ ሻገተ፣ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እሳቸውም ድራየሩ በተነሳ ቁጥር ዓይናቸው እስኪቀላ ይስሉ ጀመር። ቢያማቸው እንፋሎቱን አበዙት። ኮሚቴዎ ይህን ሲሰማ እፎይ አለ። ወንፊት ቀርቶ፣ ቬንት ቀርቶ፣ ክዳን ቀርቶ፣ ኮርኒሱን ያበሰበሰችው የአንድ በሽተኛ ሽማግሌ ማንቆርቆሪያ ሆና ተገኘች።

ማባረር በካናዳ ሕግ ከባድ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ። ስለዚህ በእኛ ሕግ ሄዱባቸው። ጸሐፊውን አቶ ዘርይሁንን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ አስለብሰው፣ ከሦስቱም በዕድሜ ወደሚበልጡት ሰው ላኩ። ለእርቅና ለጋብቻ የሚላከውን ሽማግሌ ሰው ከቤቱ ለማስወጣት የላከ፣ እኔ እስከማውቀው፣ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። ጋሽ ወልደ ሚካኤል እንግዳ መጣ ብለው ተነሱ፣ ያለቻቸውን አንድ ወንበርና አልጋቸውን ለቀው፣ ሻይ አፍልተው፣ ራሳቸው ቆመው አስተናገዱ። በዚያችው በተወነጀለችው ማንቆርቆሪያ ነው ያፈሉት። ሽማግሌዎቹም ሻዩን ጠጥተው፣ «ጋሽዬ፣ ለእርስዎ ጤና ስንል ነው፤ የሽማግሌ ቃል አይመልሱብን» አሏቸው። እሳቸውም እሺ አሉ።

ለምን እንዲህ ያደርጋሉ፣ ሕግ አለ፣ እኔ ምስክር እሆናለሁ ብዬ ብቆጣ፣ «ተዪው ልጄ፣ ሽማግሌ ቤቴ ድረስ መጥቶ እንዴት እምቢ እላለሁ?» አሉኝ። እልህ እንባዬን አመጣው። በእሳቸው አይደለም የተናደድኩት። በሰው ጨዋነት ላይ ቆሞ የሰው ቤት መውሰድ እንደሚቻል ማወቅዎ፣ ይህንንም አስልተው ማድረግዎ ነው ያቃጠለኝ። አሁን ክሬሰንት ታውን በሚባለው የፎቅ ቤቶች ሰፈር፣ በእህታቸው ልጅ በቲጂ ቤት፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛሉ። ቲጂ ደግ ልጅ ናት፤ ቤቷ ግን ጠባብ ነው። ልጆቿ ከመነሳታቸው በፊት ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው ከሶፋው ጀርባ ይደብቁና፣ እንደ መጣ እንግዳ ጫፉ ላይ ይቀመጣሉ። ሊፍቱ ሲበላሽ፣ ብዙ ጊዜ ይበላሻል፣ ቤተ ክርስቲያንም አይሄዱም። አንድ ነገር ብቻ ተሻላቸው። ሳሉ ቀነሰ። ምክንያቱን ወዲያው ይረዱታል።

፮ኛ፦ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ሲወጡ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ነው የወጡት። ማንቆርቆሪያዋ ክሬሰንት ታውን ሆና ውሃው ኢስት ዮርክ መንጠባጠቡን ቀጠለ። ይህ ለኮሚቴዎ ጥያቄ ሊሆን ይችል ነበር፤ ኢዮብ ግን የወደፊት መኝታ ቤቱን ለመቀባት ቀለም ይዞ ገባ። ገና የመጀመሪያውን ብሩሽ ሳያነሳ ኮርኒሱ ተዘርግፎ ወረደ። ድምፁን ሰምተን ሁላችንም ወጣን። አልጋው በነበረበት ቦታ ላይ የረጠበ የልብስ ብናኝ እንደ ተቀደደ ፍራሽ ተቆልሏል፤ በብናኙ ውስጥ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ድቃቂና ዘር። በሩ ላይ የቆምነው ሁሉ ማስነጠስ ጀመርን። ኢዮብ በቁራጭ እንጨት ነካ ነካ አድርጎ፣ አሽትቶ፣ «ኦ ማይ ጋድ፣ ይሄ በርበሬ ነው እንዴ?» አለ። በኮሚቴዎ ታሪክ የመጀመሪያው ትክክለኛ የምርመራ ውጤት ይህ ነው። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ውሃ እንጂ በርበሬ እንደማይታጠኑ ሁላችንም እናውቃለን። አስም ያለባቸውን ሰው ክረምቱን ሙሉ በበርበሬ ስናጥን ከርመን፣ ለምን ሳሉ ብለን አስወጣናቸው። «ስናጥን» ያልኩት ማኅበሩ የጋራ ስለሆነ ነው፤ ወንፊቱ ግን የጋራ አይደለም።

ለነዋሪው ደኅንነት ስል የድራየሩን ብሬከር ያጠፋሁትና ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ መሆኔን በዚህ አጋጣሚ አሳውቃለሁ። እርስዎ ይህን የሥልጣን ጥሰት ብለው ማስታወቂያ እንዳወጡ አንብቤአለሁ፤ ፊደሉ ያምራል። እስኪስተካከል ሁላችንም ልብሳችንን ተሸክመን ዳንፎርዝ ላይ ባለው የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት እናደርቃለን። የእርስዎንም ሸሚዞች እዚያ ስላየኋቸው ጥሰቱን በከፊል እንደተቀበሉት ቆጥሬአለሁ።

እንግዲህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ጣሪያው በባለሙያ ይሠራ፣ ኮርኒሱም ይታደስ። የቅዳሜው ድምፅ ይሰረዝ፤ ኢዮብ ወጣት ነው፣ ከሙሽሪቱ ጋር ኮርኒስ ያልወደቀበት ቤት ይፈልግ። ዋናው ግን ይህ ነው። እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች፣ ያንኑ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እርስዎን አራተኛ አድርገው ክሬሰንት ታውን ይሂዱ። ሊፍቱ ከተበላሸ በደረጃው ይውጡ፤ መውጣት የኮሚቴው ልምድ ነው። ሶፋው ላይ ይቀመጡ፣ ሻይ ይቀርብላችኋል፣ ይጠጡ። ከዚያም ተነስታችሁ በድለንዎታል፣ ወደ ቤትዎ ይመለሱልን በሏቸው።

እምቢ ይሉናል ብላችሁ አትስጉ። ሽማግሌ ቤታቸው ድረስ ከመጣ እምቢ ማለት አያውቁበትም። እርስዎ ይህን ከማንም በፊት አውቀው ተጠቅመውበታል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ለጽድቅ ይጠቀሙበት።

ከላይኛው ፎቅ የሚንጠባጠብላትን በትዕግሥት የምትቀበል፣ ጣሪያው ባላበ ቁጥር እርስዎን የምታስታውስ፣ ቅዳሜም በፊተኛው ወንበር ላይ ቀድማ የምትገኝ፣

አክባሪዎ
መሠረት ወልደገብርኤል

ማስታወሻ፦ ለኢዮብ ሠርግ የማኅበሩን ትልቁን ድስት እንዳስያዙ ከወይዘሮ ጸሐይወርቅ ሰምቻለሁ። ድስቱ መጋዘን አለ። ክዳኑን የሚፈልጉ ከሆነ ግን ያለበትን ያውቁታል። ስታነሱት ጣሪያው ደረቅ ይሁን፣ ገመድ ታጠቁ፣ ሬንጁን ዙሪያውን በቢላ ቁረጡ፣ በቀስታም አንሱት፤ አለበለዚያ ደግሞ የሠርጉ ወጥ ሳይከደን ይቅር። የሚረግፍበት ብናኝ ቢያሳስባችሁ ጣሪያ ሠሪው ከጣሪያው ጥግ ያወረደልኝ ወንፊት እኔ ጋ በክብር ተቀምጧል። ጋሽ ወልደ ሚካኤል በራሳቸው ቁልፍ የራሳቸውን በር የከፈቱ ዕለት መጥታችሁ ትወስዱታላችሁ።